የሰዓት ተጨማሪ ብልሃቶች፤ የትኛው ለማን ይጠቅማል?

የሰዓት ዋና ሥራው ሰዓቱን፣ ደቂቃውንና ሰከንዱን መንገር ነው። ከነዚህ ከሦስቱ አልፎ የሚሠራው ማናቸውም ሥራ፣ ቀን ቢቈጥር፣ ቢደውል፣ የጨረቃን መሙላትና መጕደል ቢያሳይ፣ በሰዓት ሠሪዎች ዘንድ «ኮምፕሊካሲዮን» ይባላል። ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፤ ትርጉሙም ውስብስብነት ማለት ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ «ተጨማሪ ብልሃት» እለዋለሁ፤ ውስብስብ የሚሆነው ለሠሪው እንጂ በእጁ ለሚያስረው ሰው አይደለምና።

ስለነዚህ ብልሃቶች የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያደንቁት ቍጥራቸውን ነው። ፓቴክ ፊሊፕ የተባለው የጀኔቭ ሰዓት ሠሪ ቤት በ1933 ዓ.ም. ሄንሪ ግሬቭስ ለተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ ያስረከበው የኪስ ሰዓት 24 ተጨማሪ ብልሃቶች አሉት፤ በ2014 በጨረታ ሲሸጥ 24 ሚሊዮን ዶላር ያህል አውጥቷል። ቫሸሮን ኮንስታንተን የተባለው ሌላው የጀኔቭ ቤት ደግሞ በ2024 ባለ63 ብልሃት የኪስ ሰዓት ሠርቶ አሳይቷል። (ሌላ ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቍጥሩስ ያስገርማል፤ ነገር ግን 63 ሥራ የሚያውቅ ሰዓት ከ63ቱ ውስጥ ስንቱን ለባለቤቱ ይሠራለታል? እኔ በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ይህን ነው። አንድ ብልሃት ጠቃሚ መሆኑ የሚታወቀው በሠሪው ጥበብ ሳይሆን በያዡ ሰው ኑሮ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በመጨረሻም ለኛ ለኢትዮጵያውያን የሚስማማው የትኛው እንደ ሆነ በሒሳብ ለማሳየት እሞክራለሁ።

«ይህን ሁሉ ስልክ ይሠራው የለምን?» የሚለኝ አንባቢ አይታጣም። እውነት ነው። ሴይኮ የተባለው የጃፓን ድርጅት በ1969 ዲሴምበር 25 ቀን በባትሪና በኳርትዝ የሚሠራውን አስትሮን የተባለውን የእጅ ሰዓት ለሽያጭ ካወጣ ወዲህ፣ የሞላ ሰዓት በትክክለኛነት በኩል ተሸንፏል። ነገር ግን ስልክ ሥራውን የሚሠራው ከዓይናችን ተሰውሮ ነው፤ የሞላ ሰዓት ግን ክዳኑ ሲከፈት ሒሳቡን በጥርስና በዘንግ ሲሠራ ይታያል። መደመርና ማካፈል ነሐስ ሆነው ሲዞሩ ማየት ለተማሪ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ ብልሃቶቹ ከመግባታችን በፊት መሠረቱን በአጭሩ እንመልከት። በሰዓቱ ውስጥ በክብ ቤት የተጠቀለለ ቀጭንና ረጅም ብረት አለ፤ ሞላ የምንለው እርሱ ነው። መሙያውን ስናዞር ሞላው ይጠብቃል፤ ሊፈታ ሲታገልም ጥርሳም መንኰራኵሮቹን ይገፋል። ገደብ ባይደረግለት ኖሮ ባንድ ጊዜ ተፈትቶ ባለቀ ነበር። ስለዚህ በመጨረሻው መንኰራኵር አጠገብ ሹካ የመሰለች ብረት ተቀምጣለች፤ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ሚዛን ባዘዛት ቍጥር ጥርሶቹን በተራ በተራ ታሳልፋለች። ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ የርሷ ነው። በብዙ የቀድሞ ሰዓቶች ሚዛኑ በሰዓት 18,000 ጊዜ ይወዛወዛል፤ ይኸውም በሰከንድ 5 ጊዜ ነው። በብዙ የዛሬ ሰዓቶች 28,800 ጊዜ፣ ማለት በሰከንድ 8 ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሞላው አንድ መሆኑ ነው። ቀን የሚያዞረውም፣ ጨረቃ የሚያንቀሳቅሰውም፣ ሰከንድ የሚለካውም ከዚያው ከአንዱ ሞላ ይበላል። ነገሩ በአንድ ደመወዝ እንደሚተዳደር ቤት ነው፤ ጥገኛ በበዛ ቍጥር የያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል። እንግዲህ አንድ ብልሃት ሲጨመር የሚበላውን ያህል ይጠቅማል ወይ ብሎ መጠየቅ ንፉግነት አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሜ እኔ እጅግ የምወደውን ላንሣ፤ ይኸውም ሲጫኑት ሰዓቱን በደወል የሚናገረው ነው። እንግሊዞች ሪፒተር ይሉታል። ይህ ብልሃት የተወለደው ከጨለማ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ሌሊት ነቅቶ ሰዓቱን ለማወቅ የፈለገ ሰው የኤሌክትሪክ መብራት ቀርቶ ክብሪት እንኳ አልነበረውም፤ ድንጋይና ብረት አፋጭቶ እሳት ማውጣት ነበረበት። በ1687 በእንግሊዝ አገር ኤድዋርድ ባርሎ የተባለ ቄስና ዳንኤል ኳር የተባለ የሎንዶን ሰዓት ሠሪ በጨለማ የሚናገር የኪስ ሰዓት ሠርተው፣ ሁለቱም የፈጠራው መብት ለኔ ይገባል ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ በንጉሥ ዳግማዊ ጄምስና በአማካሪዎቻቸው ፊት ቀረበ። የባርሎ ሰዓት ሁለት መጫኛ ነበረው፤ አንዱ ሰዓቱን፣ ሌላው ሩቡን ያስደውላል። የኳር ሰዓት ግን በአንድ መጫኛ ሁለቱንም አከታትሎ ይናገራል። ንጉሡ ለኳር ፈረዱለት። ፍርዱ የሚገባ ይመስለኛል፤ እንቅልፍ ባልለቀቀው እጅ ሁለት መጫኛ ከመፈለግ አንዱን መፈለግ ይቀላልና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሰዓት ጠቋሚው ጋር የተያያዘ፣ ጠርዙ እንደ ደረጃ 12 እርከን ያለው ብረት አለ፤ መልኩ የቀንድ አውጣን ቤት ስለሚመስል ሰዓት ሠሪዎች ቀንድ አውጣ ይሉታል። መጫኛው ሲገፋ አንድ ጥርስ ያለው ክንድ ወርዶ እርከኑን ይነካል። እርከኑ ጥልቅ ከሆነ ክንዱ ብዙ ይወርዳል፤ ሲመለስም በወረደው ልክ ጥርሶቹ መዶሻውን ደጋግመው እያነሡ ይጥሉታል። ለሩቡና ለደቂቃውም እንዲሁ የየራሳቸው ቀንድ አውጣ አላቸው። ደቂቃ ድረስ የሚናገር ሰዓት 12 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ላይ ቢጫኑት፣ ለሰዓቱ 12 ጊዜ፣ ለሦስቱ ሩቦች 3 ጊዜ በጥንድ ድምፅ፣ ለቀሩት ደቂቃዎች 14 ጊዜ ይመታል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገውን ኃይል ከዋናው ሞላ አይበደርም፤ መጫኛው ራሱ ሲገፋ ሌላ ትንሽ ሞላ ይሞላል። ደመወዙን ይዞ የመጣ እንግዳ ማለት ነው።

ዛሬ መብራት በየቤቱ ሲገባ የዚህ ብልሃት ጥቅም ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ማየት ለተሳነው ሰው ሌሊትና ቀን አንድ ነው። አብርሃም ሉዊ ብሬጌ የተባለው በፓሪስ የኖረ ስመ ጥር ሰዓት ሠሪም በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በጣት ተዳሶ የሚታወቅ ሰዓት ሠርቷል፤ በክዳኑ ላይ አንድ ቀስት፣ በዙሪያው ደግሞ ጕብ ጕብ ያሉ ምልክቶች ስላሉት ከኪስ ሳያወጡት ሰዓቱን ማወቅ ይቻላል። ደዋዩ ሰዓት ዋጋው የቤት ዋጋ የሚያህል ሲሆን፣ ይህ የሚዳሰሰው ግን አሠራሩ ቀላል ነው። ለዓይነ ስውር የቱ ይሻላል ቢሉኝ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

የማንቂያ ደወል ያለው የእጅ ሰዓት የዚህ ታናሽ ወንድም ነው። ቩልካን የተባለው የስዊስ ድርጅት በ1947 ያወጣው ክሪኬት የተባለው ሰዓት ስሙን ያገኘው ከፌንጣ ዘመድ ከሆነች ትንሽ ነፍሳት ነው፤ አካሏ ትንሽ ሆኖ ድምፅዋ ሩቅ ይሰማልና። ሰዓቱም ከሥሩ ሁለት ክዳን ተደርጎለት፣ ድምፁ በመካከላቸው እንደ ከበሮ ይጎላል። ትምህርት ለሚረፍድበት ይጠቅማል፤ ከዚህ በላይ ስለርሱ የምለው የለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ልለፍ። እኔ ከምወደው ይልቅ ለብዙ ሰው ይጠቅማል የምለው ጊዜን አስነሥቶ የሚያቆመው፣ ክሮኖግራፍ የሚባለው ነው። ቃሉ ከግሪክ ሲሆን ጊዜ ጻፊ ማለት ነው። ስሙ እንዲያው የወጣ አይደለም። ኒኮላ ርዮሴክ የተባለ ፈረንሳዊ በ1821 በፓሪስ ሻን ደ ማርስ በተደረገ የፈረስ ግልቢያ ላይ ይዞት የቀረበው መሣሪያ፣ እያንዳንዱ ፈረስ ሲደርስ በሚዞረው ነጭ ገጽ ላይ የቀለም ነጠብጣብ ይጥል ነበር። በውነትም ይጽፍ ነበር ማለት ነው። ከርሱ ቀደም ብሎ በ1816 ሉዊ ሞዋኔ የሰከንድን 60ኛ እጅ የሚለካ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ሚዛኑ በሰዓት 216,000 ጊዜ ይወዛወዛል። ሞዋኔ የሠራው ከዋክብትን ለመመልከት ነበር።

በዚህ ብልሃት ውስጥ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ቁራጭ አለች፤ እርሷን ያልተረዳ ክሮኖግራፍን አልተረዳም። ጠቋሚው በየትም ቦታ ቆሞ ቢሆን አንድ ጊዜ ስንጫነው ወዲያው ወደ 60 ይመለሳል። እንዴት? በጠቋሚው ዘንግ ላይ በልብ ቅርጽ የተቆረጠች ብረት ተተክላለች። መዶሻው የልቧን ጠርዝ ሲጫን፣ ጠርዙ ተዳፋት ስለ ሆነ ልቧ እየተንሸራተተች ትዞርና መዶሻው ዝቅተኛው ቦታ ላይ ሲያርፍ ትቆማለች። ከግራም ቢጫናት ከቀኝም ቢጫናት ማረፊያዋ አንድ ነው። ይህን አዶልፍ ኒኮል የተባለ ሰዓት ሠሪ በ1844 በስሙ አስመዘገበ። በወረቀት ላይ ልብ ሥላችሁ፣ መካከሏን በመርፌ ወግታችሁ፣ ጠርዟን በእርሳስ ብትገፉ ነገሩን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ጥቅሙ በመጀመሪያ የታየው በሕክምና ነው። ጆን ፍሎየር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1707 ባሳተመው መጽሐፍ የልብ ትርታን በአንድ ደቂቃ ሰዓት እየቈጠሩ መመዝገብ እንደሚገባ አስተማረ። ከዚያ በፊት ሐኪሞች ትርታው ፈጠነ ወይም ዘገየ ከማለት በቀር በቍጥር አይናገሩም ነበር ማለት ይቻላል። ኋላ በክሮኖግራፍ ገጽ ዙሪያ የትርታ መለኪያ ቍጥሮች ተጻፉ። ሐኪሙ ጠቋሚውን አስነሥቶ 30 ትርታ ይቈጥርና ያቆመዋል፤ ጠቋሚው የቆመበት ቍጥር የደቂቃውን ትርታ ይነግረዋል። 30ው ትርታ 20 ሰከንድ ከፈጀ መልሱ 90 ነው። ሰዓቱ ማባዛቱንና ማካፈሉን አስቀድሞ ስለ ሠራለት፣ ሐኪሙ አሳቡ በበሽተኛው ላይ ይሆናል። ነርስ ወይም ሐኪም ለመሆን የምታስቡ ጓደኞቼ፣ ይህ ሰዓት ባይኖራችሁም የሰከንድ ጠቋሚ ባለው በማናቸውም ሰዓት 15 ሰከንድ ቈጥራችሁ በ4 ማባዛት ትችላላችሁ።

ሌሎችም ቍጥሮች በዙሪያው ይጻፋሉ። ፍጥነት የሚለካው፣ 3,600ን በሰከንዱ የማካፈል ሒሳብ ነው፤ መኪና አንዱን ኪሎ ሜትር በ45 ሰከንድ ከጨረሰ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ርቀት የሚለካው ደግሞ ብርሃን ወዲያው ሲታይ ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ ነው። መድፈኞች የጠላትን መድፍ ርቀት ያወቁበት ነበር። እኛ በክረምት መብረቅ ሲበርቅ አስነሥተን ነጎድጓዱ ሲሰማ ብናቆመው፣ በየ3 ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል መቍጠር እንችላለን። 9 ሰከንድ ቢሆን መብረቁ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ቍጥሩ እያነሰ ከመጣ ግን ከዛፍ ሥር መራቅና ቤት መግባት ነው።

የክሮኖግራፍ ትልቁ ፈተና የመጣው በ1970 ኤፕሪል ወር ነው። ወደ ጨረቃ ይጓዝ የነበረው አፖሎ 13 የኦክስጅን ጋኑ ፈንድቶ፣ ሦስቱ ሰዎች ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ አብዛኛውን መሣሪያ አጥፍተው ወደ ምድር ይመለሱ ነበር። መንገዳቸው ጥቂት ስለ ተዛነፈ ሞተሩን ለ14 ሰከንድ ማስነሣት አስፈለጋቸው። ቢያንስም ቢበዛም ወደ ምድር አየር የሚገቡበት ማዕዘን ይበላሻል። ሁለቱ መንኰራኵሩን ሲያቀኑ፣ ጃክ ስዋይገርት የተባለው በእጁ ባለው ኦሜጋ ስፒድማስተር ሰከንዶቹን ለካ። ይህ ሰዓት በእጅ የሚሞላ፣ በ1965 የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ፈትኖ የተቀበለው ነው። ሦስቱም በሰላም ተመለሱ። ሰዓቱ ብቻውን አዳናቸው ማለት ግነት ነው፤ ነገር ግን ሌላው ሁሉ በጠፋበት ሰዓት የሚሠራ አንድ ሞላ ነበራቸው።

ከዚሁ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በገበያ ላይ በገጻቸው ሦስት ትንንሽ ክቦች ያሉባቸው ርካሽ ሰዓቶች ሞልተዋል፤ በብዙዎቹ ላይ ክቦቹ የተሣሉ ናቸው፤ በጎን ያሉት መጫኛዎችም ምንም አያንቀሳቅሱም። ከመግዛታችሁ በፊት ተጭናችሁ ጠቋሚው ተነሥቶ፣ ቆሞ፣ ተመልሶ እንደ ሆነ እዩ።

በክሮኖግራፍ ፈንታ በጣም ርካሽ የሆነ ነገርም አለ፤ በመስታወቱ ዙሪያ የሚዞረው ባለ60 ምልክት ቀለበት ነው። ሰዓት ሠሪዎች ከተጨማሪ ብልሃት አይቈጥሩትም፤ ጥርስም ሞላም የለውምና። እኔ ግን በጥቅም ከብዙዎቹ አስበልጠዋለሁ። ብላንፓን በ1953 ለጠላቂ ዋናተኞች ያወጣው ፊፍቲ ፋዘምስ የተባለው ሰዓት ይህ ቀለበት ነበረው። ጠላቂው ሲወርድ የቀለበቱን ምልክት በደቂቃ ጠቋሚው ትክክል ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለፈውን ደቂቃ በቀጥታ ያነባል። ዛሬ ለጠላቂዎች የሚሠራው ቀለበት ወደ ግራ ብቻ የሚዞር ነው፤ ድንገት ተገፍቶ ቢዞር እንኳ ያለፈውን ጊዜ ያበዛል እንጂ አያሳንስም፤ ስለዚህ ሰውየው አየሩ ሳያልቅ ቀድሞ ይወጣል። ስልክ በማይገባበት የፈተና ክፍልም ይህ ቀለበት ጥሩ ረዳት ነው።

የሞላውን ቀሪ ኃይል የሚያሳየው ጠቋሚ በዘመናችን የጌጥ ያህል ይታያል፤ የተወለደው ግን ከባሕር ላይ ጭንቀት ነው። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ ስለዚህ 4 ደቂቃ ከአንድ ዲግሪ ጋር እኩል ነው፤ ይህም በምድር ወገብ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመርከብ አዛዥ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የት እንደ ደረሰ የሚያውቀው የመነሻውን ወደብ ሰዓት ይዞ ከፀሐይ ሰዓት ጋር በማመሳከር ነበር። ጆን ሃሪሰን የተባለው እንግሊዛዊ አናጢ የሠራው ሰዓት በ1761 ወደ ጃማይካ በተደረገው ጕዞ 81 ቀን ቆይቶ የዘገየው 5 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ የሚሞላው መኮንን ረስቶት አንድ ጊዜ ከቆመ መርከቡ በባሕር መካከል አገሩን አጣ ማለት ነው። ስለዚህ በመርከብ ሰዓቶች ላይ ከተሞሉ ስንት ሰዓት እንዳለፈ የሚያሳይ ትንሽ ጠቋሚ ይደረግ ነበር። መርከበኛ ላልሆነ ሰው ግን በየጧቱ ቁርስ ሳይበላ ሰዓቱን መሙላት ይበቃዋል።

ሁለት ብልሃቶችን በአጭሩ ልለፋቸው፤ ሁለቱም ያማሩ ናቸው። አንደኛው ብሬጌ በ1801 በስሙ ያስመዘገበው ቱርቢዮን ነው። የኪስ ሰዓት ቀኑን ሙሉ ቀጥ ብሎ ስለሚቀመጥ የምድር ስበት ሚዛኑን በአንድ በኩል ያዛባዋል፤ ብሬጌ ሚዛኑን በትንሽ ቤት ውስጥ አድርጎ ቤቱን ራሱን አዞረው፤ ስሕተቱም በዙሪያው እየተጣፋ ይሄዳል። ሰው እጁን እንደ ልቡ ስለሚያንቀሳቅስ በእጅ ሰዓት ላይ ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ዋጋው ግን ብዙ ነው። ሁለተኛው የጨረቃ ማሳያ ነው። ጨረቃ ከልደት እስከ ልደት 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ሰዓት ሠሪዎች ሁለት ጨረቃ የተሣለበትን ባለ59 ጥርስ ሰሌዳ በቀን አንድ ጥርስ ያዞሩታል። 44ቱ ደቂቃ ስለሚቀር በሁለት ዓመት ከ8 ወር ገደማ አንድ ቀን ይስታል፤ ባለ135 ጥርሱ ግን አንድ ቀን የሚስተው በ122 ዓመት ነው። ለማየት ደስ ይላል። ነገር ግን እስላሞች ወንድሞቻችን የረመዳንን ወር የሚጀምሩት ጨረቃዋን በሰማይ አይተው ነው፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም አጽዋማትን የሚያወጡት በ19 ዓመት በሚዞረው በአበቅቴና በመጥቅዕ ሒሳብ ነው። ሁለቱም ይህን ሰዓት አይጠይቁትም።

እስካሁን ያነሣኋቸው በየትም አገር አንድ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ፣ ማለት ሁለተኛ አገር ሰዓት የሚያሳየውና ቀን የሚቈጥረው፣ ወደ አገራችን ሲመጡ መልካቸውን ይለውጣሉ።

ሮሌክስ በ1955 ፓን አሜሪካን ለተባለው የአየር መንገድ አብራሪዎች ያዘጋጀው ሰዓት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚዞር፣ 24 ሰዓት የሚቈጥር አራተኛ ጠቋሚ አለው። አብራሪው በአንዱ ጠቋሚ ያለበትን አገር፣ በሌላው የቤቱን ሰዓት ያነባል። ዛሬ በየቤታችን ውጭ አገር ዘመድ ያለው ብዙ ነው። ዋሺንግተን በክረምታቸው ከአዲስ አበባ 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ እናት ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ ልጇን በስልክ ብትጠራ እዚያ ወይ እኩለ ሌሊት፣ ወይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ባለ12 ሰዓት ጠቋሚ ይህን አይነግራትም፤ ባለ24ቱ ግን ሌሊት መሆኑን ያሳያታል። ልጇ ሪያድ ወይም ጅዳ ቢሆን ሰዓቱ ከኛ ጋር አንድ ስለ ሆነ ምንም ብልሃት አያስፈልጋትም፤ ዱባይ ቢሆን የአንድ ሰዓት ልዩነት ነው፤ ይህን በልብ መያዝ አያቅትም።

የኛ የሰዓት አቆጣጠርና የኤውሮፓው ግን ልዩነታቸው ልክ 6 ሰዓት፣ ማለት የገጹ እኩሌታ ስለ ሆነ፣ አራተኛ ጠቋሚ አያሻም። የሰዓት ጠቋሚው 7 ላይ ከሆነ ጅራቱ የሚያመለክተው 1ን ነው፤ በራሱ የነሱን፣ በጅራቱ የኛን ይነግራል። በሁለት አቆጣጠር የምንኖር ሕዝብ ይህን የመሰለ ብልሃት በነጻ ማግኘታችን ያስደንቀኛል።

ቀን የሚቈጥረው ሰዓት ላይ ስንደርስ ነገሩ ይጠልቃል። ተራው የቀን ማሳያ 31 ቍጥር የተጻፈበት ቀለበት ነው፤ ሌሊት ሌሊት አንድ ጥርስ ይገፋል። (ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀኑን በእጅ መቀየር አይገባም፤ በብዙ ሰዓቶች ጥርሶቹ የተያያዙበት ሰዓት ስለ ሆነ ሊሰበሩ ይችላሉ።) የኤውሮፓ ወሮች ግን አንዱ 31፣ አንዱ 30፣ ፌብሩዋሪ ደግሞ 28 ወይም 29 ስለ ሆኑ ባለቤቱ በዓመት 5 ጊዜ ማረም አለበት። ይህን ለማስቀረት ነው ሰዓት ሠሪዎች ብዙ የደከሙት። እንግሊዛዊው ቶማስ መጅ በ18ኛው መቶ ዓመት ዘላለማዊ የተባለውን ቀን ቈጣሪ በኪስ ሰዓት ውስጥ አገባ፤ ፓቴክ ፊሊፕ በ1925 ወደ እጅ ሰዓት አመጣው። የአሠራሩ ልብ በ4 ዓመት አንድ ጊዜ የሚዞር ባለ48 እርከን ብረት ነው፤ ለ31 ቀን ወር ከፍ ያለ፣ ለ30 ዝቅ ያለ፣ ለፌብሩዋሪ እጅግ የጠለቀ፣ በአራተኛው ዓመት ፌብሩዋሪ ጥልቀቱ ጥቂት የቀነሰ ነው። ያው ፓቴክ ፊሊፕ በ1996 ዋጋውን ለማውረድ 30ንና 31ን ብቻ የሚለይ፣ በዓመት አንድ ጊዜ በፌብሩዋሪ መጨረሻ የሚታረም ሰዓት አወጣ፤ ለዚህም ብዙ አዲስ መንኰራኵር አስፈለገው።

አሁን በኛ ዘመን አቆጣጠር እንሞክረው። ባለ31 ቍጥሩን ሰዓት በኛ ቀን ብናቆመው በዓመት 13 ጊዜ ማረም ሊኖርብን ነው። የሚወቀሰው ግን የቀለበቱ ቍጥር ነው። 31ን ትተን 30 ቍጥር ብቻ ብንጽፍበት፣ ሰዓቱ ከመስከረም 1 እስከ ነሐሴ 30 ያለ አንዳች እርማት ይሄዳል፤ ጳጉሜንም ከ1 ጀምሮ ይቈጥራል። ማረም የሚያስፈልገው አዲስ ዓመት ሲገባ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በ1996 አዲስ መሣሪያ ያስፈለገውን ጥቅም፣ በኛ አቆጣጠር ተራው ቀለበት ከቍጥሩ በቀር ምንም ሳይለወጥበት ይሰጠናል። በርግጥ ከጳጉሜን ወደ መስከረም 1 ለመድረስ 25 ጊዜ ያህል መግፋት ያስፈልጋል፤ ጣት ቢደክምም በዓመት አንድ ቀን፣ ያውም የዕንቍጣጣሽ ዕለት ነው።

የሰዓቱን ጠቋሚዎች በኛ አቆጣጠር ላቆመ ሰው ሌላም ጥቅም አለ። የቀኑ ቍጥር የሚለወጠው ጠቋሚዎቹ 12 ላይ ሲገጥሙ ነው። በኤውሮፓ ይህ እኩለ ሌሊት ነው፤ በኛ አቆጣጠር በቆመ ሰዓት ግን ሲነጋ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል፤ በንግግራችንም አዲሱ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ሲመሽ ከተለወጠባችሁ ጠቋሚዎቹን አንድ ሙሉ ዙር፣ ማለት 12 ሰዓት ወደ ፊት አዙሯቸው፤ ከዚያም ቀኑን አስተካክሉ።

ሙሉ በሙሉ ራሱን የሚያርም የኢትዮጵያ ሰዓት ለመሥራትስ ምን ያስፈልጋል? ከ5 ወደ 1 መዝለል ለቀለበት ከባድ ነው። ነገር ግን በቀለበቱ ፈንታ ከ1 እስከ 30 በግማሽ ክብ የሚሄድ ጠቋሚ ቢደረግ፣ በወሩ መጨረሻም በሞላ ተስቦ ወደ 1 የሚመለስ ቢሆን፣ ከ30ም ይመለስ ከ5፣ ለርሱ ሁሉም አንድ ነው፤ እንዲህ ያለ ተመላሽ ጠቋሚ ሰዓት ሠሪዎች ያውቁበታል። የወሩን መጨረሻ የሚነግረው ብረት 13 እርከን ይኖረዋል፤ 12ቱ እኩል ናቸው፤ 13ኛው ብቻ ይለያል። የ13ኛውን ጥልቀት የሚወስን አንድ ባለ4 ጎን ብረት ይጨመርበታል፤ ጎኖቹም በወንጌላውያኑ ስም ይጠራሉ፤ ማቴዎስ 5፣ ማርቆስ 5፣ ሉቃስ 6፣ ዮሐንስ 5። የኤውሮፓው ሰዓት 48 እርከን የጻፈበትን ሒሳብ የኛው በ13ና በ4 ይጨርሰዋል።

አንድ ልዩነት ይቀራል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ4 የሚካፈለው ዓመት ሁሉ ፌብሩዋሪው 29 አይሆንም፤ መቶኛ ዓመት በ400 ካልተካፈለ 28 ብቻ ነው። ብዙዎቹ ዘላለማዊ የተባሉት ሰዓቶች ይህን አያውቁም፤ ስለዚህ በ2100 ፌብሩዋሪ 28 ባለቀ ማግስት 29 ብለው ያሳያሉ፤ ባለቤታቸውም ማርች 1 እንዲሉ በጣቱ መግፋት አለበት። በኛ አቆጣጠር ግን ጳጉሜን በየ4 ዓመቱ ያለ ምንም ልዩነት 6 ትሆናለች። በዚያው ቀን፣ በኛ የካቲት 21 ቀን 2092 ዓ.ም.፣ ከላይ በሒሳብ ያሳየሁት ሰዓት ቢኖር ከ20 ወደ 21 አንድ ጥርስ አልፎ ሥራውን ይቀጥላል።